ሳይሯሯጡ መዳር፦ ለባሕር ዳር ሠርግ የትኛው ፕሮግራም ይሻላል?

የእህቴን ሠርግ ፕሮግራም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጥር ነበር። አንድ ገጽ ሙሉ፣ በየግማሽ ሰዓቱ የተሸነሸነ፣ ለሚዜዎች ሁሉ በቴሌግራም የተላከ። ወረቀቱ ምሳ 7፡00 ይላል። ምሳ የተበላው 10፡15 ላይ ነው። እስከዚያ ሽማግሌዎቹ አዳራሹ ውስጥ ድፎ ዳቦ እየቆረሱ፣ ጠላ እየቀማመሱ ቁጭ አሉ። አንዱ አጎታችን ጠጋ ብለው «ልጄ፣ የጠራችሁን ለሠርግ ነው ለጾም?» አሉኝ። እህቴን ደግሞ የማስታውሳት መኪና ውስጥ ጫማዋን አውልቃ፣ ቬሎዋ ላይ ፎጣ ዘርግታ ብስኩት ስትበላ ነው።

ያ ወረቀት አሁንም ስልኬ ውስጥ አለ። ቆይቼ ሳየው ችግሩ የሰዓት ማነስ አልነበረም። ሰዓትማ ነበረን። የበዛው ቦታው ነው። የውበት ሳሎን፣ የእኛ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ሐይቅ ዳር፣ ድልድይ፣ አዳራሽ፣ የሙሽራው ቤት። ሰባት ቦታ በአንድ ቀን!

ከዚያ ወዲህ በዘመድና በጓደኛ ሠርግ አራት ጊዜ ፕሮግራም ያዥ ሆኛለሁ። አሁን ሙሽሮች ሲያማክሩኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ስንት ሰዓት ትጀምራላችሁ ብዬ አይደለም። ስንት ጊዜ ትንቀሳቀሳላችሁ ነው የምለው።

የአጀብ ሂሳብ

አጀብ የምለው ሙሽሮቹ፣ ሚዜዎቹ፣ ካሜራው፣ ቤተሰቡና ክላክስ የሚያደርጉት መኪኖች ሁሉ ከአንድ ቦታ ተነስተው ሌላ ቦታ እስኪያርፉ ያለውን ነው። ባሕር ዳር ላይ የሚያታልለን የከተማዋ ትንሽነት ነው። ከሽምብጥ ወደ ጊዮርጊስ፣ ከጊዮርጊስ ወደ ዓባይ ድልድይ፣ ምን አላት፣ አሥር ደቂቃ ናት እንላለን። ለባጃጅ እውነት ነው። ለአጀብ አይደለም።

አጀብ ሲነሳ የሙሽራው እናት ሻርፓቸውን ረስተው ይመለሳሉ። ካሜራማኑ ከመኪና አወራረዱን እንደገና ይቀርጻል። የመጨረሻው መኪና መንገድ ይስታል። በር ላይ ደግሞ ሴቶቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው «አናስገባም» ይላሉ። እሱ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ መፍጀትም አለበት፣ የሠርጉ ጣዕም እዚያ ነው። ስለዚህ ርቀቱ ምንም ያህል ይሁን፣ ለእያንዳንዱ አጀብ አንድ ሙሉ ሰዓት ያዙ። ሰባት ቦታ ማለት ስድስት አጀብ ነው። ስድስት ሰዓት መንገድ ላይ አለቀ ማለት ነው። ይህን ሂሳብ በእህቴ ሠርግ ባውቀው ኖሮ አጎቴ ባልተቆጡኝ ነበር።

ከዚህ በታች ያሉትን ምርጫዎች ሁሉ በዚህ ሚዛን እመዝናቸዋለሁ። ከሦስት አጀብ የሚበልጥ ቀን ለእኔ የተረጋጋ ቀን አይደለም። ሁለት ከሆነ ደግሞ እሰየው።

ተክሊልና ድግስ፦ በአንድ ቀን ወይስ ለየብቻ?

ከባዱ ምርጫ ይኸ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይስተካከላል።

በተክሊል ወይም በቁርባን የምትጋቡ ከሆነ ቅዳሴ ታስቀድሳላችሁ፣ ትቆርባላችሁ። ለመቁረብ 18 ሰዓት መጾም አለባችሁ። ይህን ወረቀት ላይ አስሉት። እሑድ ጠዋት 2፡00 ላይ የምትቆርቡ ከሆነ የመጨረሻው ምግባችሁ ቅዳሜ ቀን 8፡00 ላይ ነው። ቅዳሜ ማታ ቤቱ በእንግዳ ሲሞላ፣ ዶሮ ወጡ ሲሸት፣ ፀጉር ሲሠራ እናንተ ባዶ ሆዳችሁን ናችሁ። በዚያ ላይ እንቅልፍ የለም። ጥር ላይ ባሕር ዳር ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 1፡00 ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ነው፤ ቤተ ክርስቲያን የምትደርሱት በጨለማና በብርድ ነው። ሙሽሪት ከካባው ሥር ሙቀት የሚሰጥ ነገር ትልበስ። ማንም አያይባትም።

በአንድ ቀን የማድረግ ጥቅሙ ግልጽ ነው። ዘመድ አንዴ ይሰበሰባል። ወጪው አንድ ነው። ከቅዳሴ ወጥቶ በእልልታ ቤት መግባት የሚሰጠውን ደስታ ሌላ ቀን አታገኙትም። እናቶች የሚመርጡትም ይኸንን ነው። ጉዳቱ ደግሞ ማታ 2፡00 ሰዓት ላይ ፎቶ ሲነሱ የሙሽሮቹ ዓይን ውስጥ ይታያል።

ለየብቻ ካደረጋችሁት፣ ማለት ተክሊሉን ቅዳሜ ወይም በአንድ በዓል ቀን፣ ድግሱን በሌላ ቀን፣ ሁለቱም ቀን ይረጋጋል። የቅዳሴው ቀን የጸሎት ቀን ሆኖ ይውላል። ከቁርባን በኋላ መጠበቅ ያለበትን ጥንቃቄም በእርጋታ ትጠብቃላችሁ፤ ከቆረቡ በኋላ እዚያው ቀን እስክስታ መምታት የሚከብዳቸው ብዙ ሙሽሮች አሉ፣ ልክ ናቸው። እዚህ ላይ የንስሐ አባታችሁን ሳታማክሩ ቀን አትቁረጡ። አዳራሽ ከያዙ በኋላ ቀን የተለወጠባቸውን አይቻለሁ።

ለየብቻ ሲሆን አንድ የማይቀር ጥያቄ አለ። አክስቶች ይጠይቁታል፦ «እና ቅዳሜ ማታ ሙሽራዋ የት ልታድር ነው?» መልሱን አስቀድማችሁ ያዙ። በእኔ የአጎት ልጅ ሠርግ ሙሽሪት ከተክሊሉ በኋላ ወደ እናቷ ቤት ተመለሰች፣ እሑድ ሙሽራው መጥቶ በወጉ ወሰዳት። ማንም አልተከፋም። እንዲያውም እናቷ አንድ ተጨማሪ ሌሊት በማግኘታቸው ደስ አላቸው።

ሁለቱንም በአንድ ቀን ማድረግ ግድ ከሆነባችሁ አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ ወደ ፎቶ አትሂዱ። ወደ አንድ ጸጥ ያለ ቤት ግቡ፣ ብሉ፣ ሁለት ሰዓት ተኙ። «ሙሽራ ተኝቷል» ማለት ነውር አይደለም። ሚዜዎቹ በር ላይ ይቁሙ፤ ሚዜ ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል?

በኒካህ የምትጋቡ ከሆነ ጉዳዩ ይቀልላችኋል። ሥነ ሥርዓቱ ራሱ አጭር ነው፤ ቤት ውስጥም ይፈጸማል፤ አንድ አጀብ ከወዲሁ ቀነሳችሁ። በሽማግሌ ፊት ቤት ውስጥ የሚፈራረሙም እንዲሁ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባውን ግን ማናችሁም ብትሆኑ ከሠርጉ ቀን ጋር አታገናኙት። የሥራ ቀን ላይ ሄዳችሁ ጨርሱት።

ምሳ ወይስ እራት?

እኔ የምሳ ወገን ነኝ። አልደብቅም።

የባሕር ዳር ሠርግ እንግዳ ግማሹ ከከተማ ውጭ ነው። ከመራዊ፣ ከአዴት፣ ከሐሙሲት፣ ከዳንግላ የሚመጣ ዘመድ አለ። ምሳ ከበላ ተመርቆ፣ ተሸኝቶ፣ በጊዜ ቤቱ ይገባል። እራት ካላችሁት ማደሪያ ልትፈልጉለት ነው። ባለፉት ዓመታት ደግሞ ከተማችን የማታ እንቅስቃሴ ገደብ አይታለች። ሠርጋችሁ ሦስት ወር ሲቀረው የጸናው ደንብ በሠርጋችሁ ሳምንት ሊለወጥ ይችላል። ምሳ ይህን ሁሉ ስጋት ይዘልለዋል። መብራት ቢጠፋም ቀን ነው።

ለእራት የሚከራከሩ ሰዎችም ነጥብ አላቸው። አንደኛ፣ ቀኑ በዝግታ ይጀምራል። ሙሽሪት ጠዋት 12፡00 ላይ ወንበር ላይ ተቀምጣ ፀጉር አትሠራም፤ እስከ 4፡00 ትተኛለች። ሁለተኛ፣ የጥር ሐሩር ባያቃጥልም የሚያዝያ ቀን ግን ሙቀቱ 30 ዲግሪ ይደርሳል፤ በሱፍና በቬሎ ያ ቀልድ አይደለም። ሦስተኛ፣ ወጣቱ ማታ ካልሆነ አይጨፍርም። ይኸ እውነት ነው። ቀን 8፡00 ሰዓት ላይ ዲጄው የፈለገውን ቢከፍት የሚነሱት ሕፃናትና እኔ ነን።

መሐል መንገድ አለ። ምሳው ለዘመድና ለሽማግሌ፣ ማታው ደግሞ ለጓደኛ ብቻ፣ በትንሹ፣ በሙሽራው ቤት። ብዙ ሰው ሁለቱንም ትልቅ ድግስ ሊያደርጋቸው ሲል ነው የሚወድቀው። ሁለት ትልቅ ድግስ ማለት ሁለት ጊዜ ልብስ መቀየር፣ ሁለት ጊዜ ዲኮር፣ ሁለት ጊዜ እንግዳ መቀበል ነው። አንዱ ትልቅ ይሁን፣ ሌላው የቤተሰብ እራት ይሁን።

ምሳ ከመረጣችሁ ሙሽሮቹ ዘገዩም አልዘገዩ ምግቡ በሰዓቱ ይቅረብ። ይህን ለደጋሹ በግልጽ ንገሩት። እኛ አካባቢ ሙሽራ ሳይገባ ምግብ አይነሳም የሚል ልማድ አለ፤ በእህቴ ሠርግ እንጀራው የደረቀው፣ ወጡ የቀዘቀዘው በዚህ ምክንያት ነው። በአንዱ ጓደኛዬ ሠርግ የሙሽራው አባት ራሳቸው ማይክ ይዘው «እነሱ ይመጣሉ፣ እናንተ ብሉ» አሉ። ሙሽሮቹ በ40 ደቂቃ ዘገዩ፣ ሲገቡ ግን አዳራሹ ጠግቦ፣ ጠጅ ጠጥቶ ተነስቶ ተቀበላቸው። የተራበ ሰው እንደዚያ አያጨበጭብም።

ፎቶ፦ ሐይቁ፣ ድልድዩ ወይስ ሌላ ቀን?

ባሕር ዳር የሚያገባ ሰው ጣናን ትቶ ፎቶ ተነሳ ማለት ዘበት ነው። ክርክሩ መቼና እንዴት የሚለው ላይ ነው።

ብዙዎች ከምሳ በኋላ፣ 9፡00 አካባቢ ሐይቅ ዳር ይወርዳሉ። የጥር እሑድ ከሆነ እዚያ ብቻችሁን አትሆኑም። አራትና አምስት ሙሽራ ተራ ይዞ ታገኛላችሁ። አንዷ ዘንባባ ሥር ስትነሳ ሌላዋ ቬሎዋን ሰብስባ ትጠብቃለች። ብርሃኑም ገና ጠንካራ ነው። ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነን፤ ፀሐዩ ዓይን ያስጨፍናል፣ ሜካፕ ያቀልጣል። ነፋሱም የሚነሳው ከሰዓት በኋላ ነው። መልካሙ ብርሃን የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ጥር ላይ ፀሐይ ከ12፡25 እስከ 12፡35 ባለው ጊዜ ትጠልቃለች፤ ሚያዝያ ላይ 12፡40 ያልፋል። ከመጥለቋ በፊት ያለችው አንድ ሰዓት የቀኑ ሁሉ ምርጥ ናት። ካሜራማናችሁን 11፡20 ላይ ዝግጁ ሁን በሉት፣ 40 ደቂቃ ይበቃዋል። ሦስት ሰዓት የሚጠይቅ ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

አዲሱ የዓባይ ድልድይ 2016 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ የሙሽሮች መሄጃ ሆኗል። 380 ሜትር ርዝመት አለው፣ የእግረኛ መስመርም አለው፣ መብራቱ ማታ ያምራል። ግን ድልድይ ነው፤ መኪና ያልፋል፣ መሐሉ ላይ ነፋስ አለ። አንድ አጀብ ሙሉ ይበላል። ሐይቅ ዳር የምትደግሱ ከሆነ ለድልድዩ ብላችሁ አትውጡ። ወደ ቤት ስትሄዱ መንገዳችሁ ላይ ከሆነ ግን አሥር ደቂቃ ቆማችሁ እለፉ።

ቤዛዊት ላይ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ያለበት ኮረብታ አለ፣ ዓባይን ቁልቁል ያሳያል። ያምራል። እሱም ለብቻው አንድ አጀብ ነው።

ጢስ ዓባይን ደግሞ በሠርግ ቀን አታስቡት። 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ደርሶ መልሱና በእግር የሚሄደው ተደምሮ ግማሽ ቀን ይወስዳል። ከዚያ በላይ ደግሞ ጥርና ሚያዝያ ፏፏቴው የሚሳሳበት ወቅት ነው። ውኃው የሚሞላው ክረምቱ ሲወጣ ነው። የቀጭን ውኃ ፎቶ ይዛችሁ ለመምጣት ምሳውን አታዘግዩ።

አሁን ጀልባ። ሁሉም ሙሽራ ይጠይቀኛል። አንድ ጊዜ እኔም ፈቅጄ ነበር። ከምሳ በኋላ ስምንት ሰው ጀልባ ላይ ወጣን። 20 ደቂቃ ብቻ ተባለ። መሐል ላይ ሞተሩ ጠፋ። ባለ ጀልባው ገመዱን እየሳበ፣ እኛ እየተወዛወዝን፣ ነፋሱ የሙሽሪትን ዓይነ ርግብ ወስዶ ውኃ ላይ ጣለው። ሚዜው ሊይዘው ሲዘረጋ ስልኩን ለጣና ገበረ። አዳራሹ ውስጥ 300 ሰው ኬክ ይጠብቃል፣ እኛ ደግሞ ጉማሬ ይመጣ ይሆን እያልን ዙሪያችንን እናያለን። በሌላ ጀልባ ተጎትተን ወጣን። ቪዲዮው ላይ ይኸ ሁሉ ሮማንቲክ ሙዚቃ ተደርጎበት ሳየው አሁንም እስቃለሁ።

ስለዚህ ጀልባ ከፈለጋችሁ ጠዋት ይሁን፣ ሐይቁ ዝም ባለበት፣ ከሠርጉ በፊት ባለ ሌላ ቀን። ደብረ ማርያም ቅርብ ናት። ዘጌ በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፣ የቡና ዛፉ ጥላ ውስጥ ፎቶው ሌላ ነው። ገዳማቱን ለመሳለም ካሰባችሁ ደግሞ ይህን እወቁ፦ ክብራን ገብርኤል የወንዶች ገዳም ነው፣ ሴት አይገባም። ሙሽራው ገብቶ ሙሽሪት ጀልባ ላይ የምትጠብቅበት ፕሮግራም አታውጡ። በዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሁለታችሁም ትገባላችሁ። ታንኳ ላይ፣ ማለት ደንገሉ ላይ፣ ለመቀመጥ የሚያምራት ሙሽራ ካለች ቬሎ ሳትለብስ ትሞክረው። ከታች ውኃ ይገባል።

ፎቶውን ሌላ ቀን ስለማድረግ እናቶች ይቃወማሉ። «ሙሽራው ቬሎዋን ቀድሞ ካየ ምን ቀረ?» ይላሉ። መፍትሔው ቀላል ነው። አስቀድማችሁ ስትነሱ የሀበሻ ልብስ ልበሱ፣ ቬሎው ለዕለቱ ይቆይ። የዕለቱ ፎቶ ከዚያ በኋላ 40 ደቂቃ ብትሆን ማንም አይቆጭም።

ቤት ዳስ፣ አዳራሽ ወይስ ሐይቅ ዳር ግቢ?

ዳስ አጀብ ይቀንሳል፣ ይኸ ትልቁ ጥቅሙ ነው። ጎረቤት ሁሉ እጁን ያስገባል፣ ጠላው ከጓዳ ይቀዳል፣ አያት ሲደክማቸው መኝታ ቤት ገብተው ጋደም ይላሉ። ግን ቤተሰቡ አያርፍም። የሙሽራ እናት በልጃቸው ሠርግ ቀን ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት ስለማለቁ ሲጨቃጨቁ ይውላሉ። ዳስ ከመረጣችሁ ከቤተሰብ ውጭ የሆነ አንድ ኃላፊ ለጓዳው ይኑረው።

አዳራሽ ለደጋሹ ዕረፍት ነው። ዋጋው ይከብዳል፣ ሰዓቱም የእናንተ አይደለም። በጥር ቅዳሜና እሑድ ማታ ሌላ ሠርግ ይጠብቃል፤ ምሳችሁ 10፡00 ላይ ከተበላ 11፡00 ላይ ወንበር መሰብሰብ ይጀምራሉ። ውል ስትፈርሙ የመውጫ ሰዓቱን ጠይቁ፣ በጽሑፍ ያዙት።

ሐይቅ ዳር ግቢ ያላቸው ሆቴሎችና መዝናኛዎች ለእኔ የመጀመሪያ ምርጫ ናቸው። ምክንያቱ ውበቱ ብቻ አይደለም። ምሳ፣ ኬክ፣ ጭፈራና ፎቶ በአንድ ግቢ ያልቃሉ። ሁለት አጀብ ቀረላችሁ ማለት ነው። ልጆች ሣር ላይ ይሮጣሉ፣ ሽማግሌዎች ጥላ ሥር ይቀመጣሉ፣ ማንም «ቀጥሎ ወዴት ነው?» አይልም። ጉድለት አለው። ማታ መብራት ሲበራ ትንኝና በራሪ ነፍሳት ይወርራሉ፣ ከምግብ ላይ አይነሱም። ስለዚህ በብርሃን የሚያልቅ ድግስ ነው የሚስማማው። ለውኃው ቅርብ ከሆነም ሕፃናትን የሚጠብቅ አንድ ሰው መድቡ። ይህን በቀልድ አትለፉት።

ጥር ወይስ ከፋሲካ በኋላ?

ጥር የተረጋጋ የአየር ጠባይ አለው። ዝናብ የለም፣ ቀኑ አይከብድም። የሚከብደው ጥበቱ ነው። ከገና ጾም መፍቻ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያሉት ሳምንታት ጥቂት ናቸው፣ አገሩ ሁሉ በእነሱ ውስጥ ይዳራል። ሜካፕ የምትሠራዋ በአንድ ጠዋት አምስት ሙሽራ ይዛለች። ካሜራማኑም እንደዚያው። ከከተራ እስከ ቃና ዘገሊላ፣ ከጥር 10 እስከ 12 ማለት ነው፣ መንገዱ የታቦት ነው፤ በእነዚያ ቀናት አጀብ ይዞ መውጣት ልፋት ነው።

ከፋሲካ በኋላ ከዳግማይ ትንሣኤ ጀምሮ ያለው ጊዜ አንድ ሰው የማያስበው ጥቅም አለው። በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ አይጾምም። ስለዚህ በሳምንቱ የትኛውም ቀን ሥጋ መደገስ ይቻላል። ሐሙስ ብትሉ አዳራሹም፣ ካሜራውም፣ ሐይቅ ዳሩም የእናንተ ብቻ ነው። ሥራ ፈቃድ የማያገኝ እንግዳ ይቀራል፤ ድግሱ ትንሽ እንዲሆን ለሚፈልግ ሙሽራ ይኸ በረከት ነው፣ አፍ አውጥቶ «አልጠራህም» ከማለት ያድናል። ግንቦት ከገባ ግን ትልልቆቹ እሺ አይሏችሁም፤ በግንቦት አይዳርም የሚለው ልማድ አሁንም አለ። ፋሲካ ዘግይቶ በዋለበት ዓመት እንግዲህ ሳምንቷ በጣም ትጠብባለች።

መልስ

አጭር ነው የምለው። በዚያው ቀን ማታ አታድርጉት። አሁን አሁን ወጪ ለመቆጠብ ምሳና መልስ በአንድ ቀን የሚያደርጉ አሉ። ወጪው ይቀንሳል፣ እውነት ነው። ካባ ለብሳ ወንበር ላይ እንቅልፍ የወሰዳትን ሙሽራ ግን በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ቀን አርፋችሁ፣ በሦስተኛው ቀን፣ ለቤተሰብ ብቻ ይሁን።

እኔ ብሆን

ተክሊሉን ቅዳሜ ጨርሼ፣ እሑድን እንዲህ አውለዋለሁ። ሙሽሪት እስከ 2፡00 ትተኛለች። ፀጉርና ሜካፕ የሚሠሩት ቤት ድረስ ይመጣሉ፤ ትንሽ ይጨምራል፣ አንድ አጀብ ግን ይቀንሳል። ሙሽራው 5፡00 ላይ ይመጣል። «አናስገባም» ይባላል፣ ይዘፈናል፣ ጉልበት ይሳማል፣ ሽማግሌ ይመርቃል። ለዚህ ሰዓት አልቆጥርም። 6፡00 ሲሆን ተነስተን ሐይቅ ዳር ወዳለው ግቢ። እንግዳው 6፡30 መብላት ጀምሯል፣ እኛ ብንደርስም ባንደርስም። 7፡00 ላይ ገብተን እንበላለን። ከ8፡30 በኋላ ለሁለት ሰዓት ተኩል ምንም አልጽፍም። የሚጨፍር ይጨፍራል፣ የሚያወራ ያወራል፣ ሙሽሮቹ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞሩ ሰላም ይላሉ። 11፡20 ፎቶ። ፀሐይ ስትጠልቅ ኬክ። ከዚያ በሁለተኛው አጀብ ወደ ሙሽራው ቤት።

ሁለት ሰው ደግሞ እመድባለሁ። አንዱ የሙሽሮቹን ስልክ ይይዛል። ቀኑን ሙሉ «መንገዱ በየት ነው?» እያለ የሚደውለው እንግዳ ለእሱ ይደውላል። ሁለተኛው የሙሽሮቹን ምሳ ለይቶ ያስቀምጣል፣ ቁጭ ብለው መብላታቸውንም ያረጋግጣል። ይኸኛው ቀላል ይመስላል፣ ግን ሙሽሮች በራሳቸው ድግስ ጾማቸውን ያድራሉ፤ ሳህን በቀረበ ቁጥር አንድ ሰው ለፎቶ ይጠራቸዋል።

በአጎቴ ልጅ ሠርግ ይህን ሥራ የሰጠነው ለ12 ዓመቷ የእህቱ ልጅ ነበር። ሁለት ሳህን ይዛ መጣች፣ ፊታቸው አስቀመጠች፣ ከዚያ ጀርባዋን ለሙሽሮቹ ሰጥታ ቆመች። ካሜራማኑ መብራቱን አስተካክሎ ሲጠጋ እጇን ዘረጋችበት። «ቆይ» አለችው፣ «መጀመሪያ ይብሉ።» ካሜራውን አውርዶ ወንበር ሳበና እሱም ምሳውን በላ።